የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲሰነጠቅ

በጭሮ፥ በሂርና፥ በበዴሳ፥ በገለምሶና በሚኤሶ ከተሞች በግቢያቸው ውስጥ የገላ መታጠቢያ ቤት ያሠሩ ቤተ ሰቦች አሉ። ወለሉ የሲሚንቶ ሊሾ ሲሆን፥ በጊዜ ብዛት መሰንጠቁና መሸረፉ አይቀርም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ያልፈዋል። እኛ ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር ለአንባቢዎቻችን ልናስታውስ እንወዳለን።

የስንጥቁ ጉዳት ሦስት ነው። አንደኛ፥ እድፍና የሳሙና ዝቃጭ በውስጡ ስለሚከማች ወለሉ ቶሎ አይጠራም፤ እርጥብ ሆኖ የሚቆይ ወለልም በእግር ጣቶች መካከል የሚያሳክከው የፈንገስ በሽታ እንዲተላለፍ ይረዳል። ሁለተኛ፥ ውሃው ወደ ሥር እየሰረገ የጭቃውን ግድግዳ ከመሠረቱ ያላላዋል። ሦስተኛ፥ ሕፃናትና አረጋውያን በተሸረፈው ጠርዝ ይሰናከላሉ።

ጥገናው ግን ከማንኛውም ባለቤት ዐቅም በላይ አይደለም። አስቀድሞ ወለሉን በሳሙናና በብሩሽ አጥቦ ማለቅለቅ ነው። ቀጥሎም የላላውን ሁሉ በመሮ አንሥቶ፥ ስንጥቁን አንድ ጣት ያህል ማስፋትና አቧራውን መጥረግ ይገባል።

አሸዋው ጭቃ የሌለበት ይሁን። ጥቂቱን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጦ አንድ ሰዓት ቢያቆዩት፥ ጭቃው ከአሸዋው በላይ ይረጋል፤ ከበዛ አሸዋውን ማጠብ ነው። ይህን ፈተና መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 እጅ አሸዋ ጋራ በጥቂት ውሃ ይለወስ። ስፍራውን አርሶ ቀጠን ያለ የሲሚንቶ ብጥብጥ ይቀቡታል፤ ይኸው ሳይደርቅ ልውሱን በማንካ ጠቅጥቆ ማስተካከል ነው። ወለሉ ወደ ውሃ መውረጃው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ስለሚያቃጥል ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል።

ጥገናው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋራ በመዋሐድ እንጂ በፀሐይ በመድረቅ አይደለም። ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ 7 ቀን ያህል ውሃ እያርከፈከፉ መጠበቅ ይገባል፤ ይልቁንም እንደ ሚኤሶ ባለው ቆላ አገር።

ወለሉ ሲመታ እንደ ባዶ ዕቃ ቢያስተጋባ ወይም ስንጥቁ በዚያው ስፍራ ቢመለስ፥ ከሥር ያለው አፈር ሰጥሟል ማለት ይሆናልና ግንበኛ ይጠራ።