መልስ ማግኘትና ማወቅ፦ ዘመናዊው ባህል በዒልም ቀሰማ ላይ ያመጣው ለውጥ

ዘመናዊው ባህል በሙስሊሙ ሕይወት ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለይዘቱ ነው፤ ምን ይታያል፣ ምን ይደመጣል፣ ምን ይለበሳል የሚለው ይቀድማል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የነገሩን ግማሽ ይተዋል። አንድ ሰው ከእጅ ስልኩ የሚያደምጠው ሁሉ ቁርኣን፣ ሐዲስና ፊቅህ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የሚያደምጥበት መንገድ «ማወቅ» ለሚለው ቃል የሚሰጠውን ትርጉም ቀስ በቀስ ይለውጥበታል። ይህ ጽሑፍ ያንን ለውጥ በአንድ የቤተሰብ ጉዳይ፣ ማለትም በጠላቅ (ፍች) ጥያቄ፣ አማካይነት ለማብራራት ይሞክራል።

በመጀመሪያ የቀድሞውን ሥርዓት እንመልከት። በወሎ የዒልም ማዕከላት ደረሳው ቁርኣንን ከጨረሰ በኋላ ወደ ኪታብ ይገባል። በነሕው ከአጁሩሚያ ጀምሮ ወደ ኢብን ማሊክ አልፊያ፣ በሻፊዒይ ፊቅህ ደግሞ ከአጫጭር መትኖች ተነሥቶ ወደ ኢማም አን-ነወዊይ ሚንሃጅ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ሸይኹ ፊት ተቀምጦ ያነባል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ ትናንት የቀራውን ዛሬ ከጓደኞቹ ጋር ይከልሳል። በመካከሉም ሸይኹ ለጠያቂ እንዴት እንደሚመልሱ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ፣ የማያውቁትን ወደ ማን እንደሚመሩ ያያል። ስለዚህ ኪታቡን አጠናቆ ኢጃዛ የሚያገኘው ሰው ከመልሶቹ ጋር የመልስ አሰጣጡንም ሥርዓት ይዞ ይወጣል።

ኢብን ኸልዱን በ1377 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቁት ሙቀዲማ እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚሠራበትን ምክንያት ያብራራሉ። በእርሳቸው አመለካከት ዒልም እንደ ማንኛውም ሙያ በድግግሞሽ የሚጸና ችሎታ ነው፤ ይህንንም መለካህ ይሉታል። መምህሩ አንድን የትምህርት ዘርፍ ሦስት ጊዜ እንዲያስኬድ ይመክራሉ፦ መጀመሪያ ዋና ዋና ነጥቦቹን በጥቅሉ፣ ቀጥሎ የዑለማን ልዩነት ጨምሮ በዝርዝር፣ በመጨረሻም አስቸጋሪ የሆነውን አንዱንም ሳይተው። ትምህርቱን እያቆራረጡ ማራራቅ መርሳትን እንደሚያስከትል፣ ሁለት ዘርፎችን በአንድ ጊዜ ማቀላቀል ሁለቱንም እንደሚያሳጣ፣ ከመጠን በላይ ያጠሩ ድርሰቶችም ለጀማሪ እንደሚጎዱ ያስጠነቅቃሉ።

የዛሬው የስልክ ትምህርት እነዚህን ሁሉ በአንድነት ያመጣቸዋል። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ስለ ዘካ ይናገራል፤ ተከታዩ ስለ ቂያማ ምልክቶች፤ ሦስተኛው ስለ ሸቀጥ ማስታወቂያ ነው። አቀራረቡን የሚወስነው ተመልካቹን ይዞ የማቆየት ፍላጎት እንጂ የዒልሙ ቅደም ተከተል አይደለም። በመድረሳም በዩኒቨርሲቲም ያስተማረ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፤ ተማሪው መረጃውን በቅጽበት ያገኛል፣ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ምን መታወቅ እንዳለበትና ከእርሱ በኋላ ምን እንደሚከተል ሲጠየቅ ይቸገራል።

ችግሩ ከክፍል ወጥቶ ቤት ሲገባ ይከብዳል። አንድ ባል በቁጣ ሚስቱን «በሦስት ፈትቼሻለሁ» አላት እንበል። ሲበርድለት ስልኩን ያወጣል። አንዱ መምህር በአራቱ መዝሀቦች ዘንድ በጸናው አቋም መሠረት ሦስቱም ይቆጠራሉ ይላል። ሌላው የኢብን ተይሚያን አቋም ይዞ እንደ አንድ ይቆጠራል ይላል። ሁለቱም ከኪታብ የተገኙ ናቸው። ባልየው የሚያቀልለትን ይመርጣል፤ የሚስቲቱ ወንድም ደግሞ ሌላውን አግኝቶ ይመጣል። ሁለት ቤተሰቦች በሁለት ቪዲዮዎች ምክንያት ይቆራረጣሉ። በአንድ በኩል ያልተፈቀደ አብሮ መኖር፣ በሌላ በኩል ሸሪዓው ያላፈረሰውን ትዳር ማፍረስ አለ፤ መካከል ላይ ልጆች አሉ።

ጉዳዩ ወደ ሸይኽ ቢቀርብ ኖሮ መልስ ከመስጠት በፊት ጥያቄ ይቀድም ነበር። በትክክል የወጣው ቃል ምንድን ነው? በየትኛው ቋንቋ? በአካባቢያችሁ ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ምን አስበህ ነበር? አእምሮህን እስክትስት ተቆጥተህ ነበርን? ከዚህ በፊት ፈትተሃት ታውቃለህ? እርሷስ ምን ትላለች? በ684 ዓ.ሂ. (1285 እ.ኤ.አ.) የሞቱት የማሊኪው ዓሊም ሺሃቡዲን አል-ቀራፊ፣ ሙፍቲ ከሌላ አገር ለመጣ ጠያቂ በራሱ አገር ልማድ እንዳይፈርድ፣ ይልቁንም የጠያቂውን ልማድ እንዲጠይቅ አበክረው ያሳስባሉ። የፊቅህ ድንጋጌ አጠቃላይ ነው፤ ፈትዋ ግን ድንጋጌውን በአንድ ሰው ሁኔታ ላይ ማዋል ነው። ቪዲዮው የመጀመሪያውን ሊያደርስ ይችላል፤ ፊቱ የሌለውን ሰው ግን ሊጠይቀው አይችልም። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 83ኛ አንቀጽ የሰሙትን ወዲያው የሚያሠራጩትን ወቅሶ ነገሩን ነቅሰው ለሚያወጡት መመለስ ይገባ እንደነበር ማስገንዘቡ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ መመሪያ ነው።

ይህ ማለት መሣሪያው ይወገዝ ማለት አይደለም። ከመስጂድ ርቃ የምትኖር እናት ደርስ የምታደምጠው፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ቁርኣን የምታስተካክለው በዚሁ ስልክ ነው። የሙስሊሙ ዓለም አዲስ የዕውቀት መተላለፊያ ሲገጥመውም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሐዲስን መጻፍ ተገቢ ስለመሆኑ በቀደምቶቹ መካከል ክርክር ነበር፤ አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ ለዚሁ ርእስ «ተቅዪዱል ዒልም» የተሰኘ ኪታብ አዘጋጅተዋል። መጻፉ ሲስፋፋ ዑለማው ጽሑፉን ከአስተማሪው ቅጂ ጋር ማመሳከርን፣ በቃል ማስደመጥንና ኢጃዛን አጠንክረው ያዙ። አዲሱን መሣሪያ የተቀበሉት ከነመጠበቂያው ነበር።

ከእኛ የሚጠበቀውም ተመሳሳይ ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ትንሽም ብትሆን አንዲት ኪታብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ መምህር ዘንድ ይቅራ፤ በስልክ ከሆነም መምህሩ የሚያርመው ይሁን። ሁለተኛ፣ በድምፅና በምስል የሚያስተምሩ ዱዓቶች ደርሳቸውን በቅደም ተከተል ያዘጋጁ፤ የጠላቅ፣ የውርስና መሰል ጉዳዮችን በአደባባይ ከመፍረድ ተቆጥበው ጠያቂውን በአካባቢው ወዳለ ዓሊም ይምሩ። ሦስተኛ፣ መስጂዶች ለቤተሰብ ጥያቄ የታወቀ ቀንና ሰዓት ይመድቡ፤ በር ተዘግቶ ያገኘ ሰው ወደ ስልኩ ቢመለስ ሊፈረድበት አይገባምና።

ወሏሁ አዕለም።