ስለ ዶሮ ቤት፣ ስለ ውሃና ስለ ታቃፊ ዶሮ

በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ዶሮ መጻፍ የሚያስቃቸው እንደሚኖሩ ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከመካነ ሰላም፣ ከአማራ ሳይንት ወይም ከወግዲ መጥተን እዚህ ከምንማረው መካከል ደብተሩ በዕንቁላል ዋጋ ያልተገዛለት ስንቱ ነው?

የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ብቻ ነው እየተባለች ትነቀፋለች። ነቀፌታው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መጣል ከምታቆምባቸው ምክንያቶች አንዱ ታቅፋ ጫጩት ማሳደጓ ነው። ሌግሆርን የሚባለው የውጭ ዘር ብዙ እንዲጥል ሲመረጥ ሲመረጥ መታቀፍን ረስቷል ለማለት ይቻላል፤ ያለ መፈልፈያ መኪናም አይተካም።

ይህን የተማርሁት አፍሬ ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ቦረና ስገባ ከከተማ ሱቅ የገዛኋቸውን 12 ትልልቅ ዕንቁላሎች ይዤ ሄድሁና እናቴን ለምኜ ከታቃፊ ዶሮዋ ሥር አስቀመጥሁ። 21 ቀን ሞላ፤ 25 ሆነ፤ አንድም ጫጩት አልወጣም። እናቴም፣ «ልጄ፣ አውራ ያላየ ዕንቁላል ምን ይሆናል ብለህ ነው?» አለችኝ። በዚያ ወር የሚሸጥ ዕንቁላል ስላልነበረ የታናሽ እኅቴ ደብተር በብድር ተገዛ።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። በደጋው አገር ዶሮ ከሰው ጋራ የምታድረው ሸለመጥማጥና ውርጭ ስለሚያስፈሩ ነው። ለብቻዋ ቤት ሲሠራላት ወለሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቀጫጭን ባሕር ዛፍ ይረብረብ፤ ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል። ግድግዳው በጭቃ ይመረግ፤ ከክዳኑ ሥር ግን አንድ ጋት ያህል በሽቦ ወይም በተጠላለፈ እንጨት የተጋረደ ክፍተት ይተው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ብርድ ፈርተው ሁሉን ይደፍኑታል። ትልቅ ዶሮን ከደረቅ ብርድ ይልቅ የሚጎዳት ርጥበትና ከኩሱ የሚነሣው የሚቆጠቁጥ ሽታ ነው። ነፋሱ ከቆጡ በላይ ይለፍ እንጂ ዶሮዋን አይምታት። ጧት በሩ ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ ከሆነ ቤቱ ታፍኗል። ለ1 ካሬ ሜትር 5 ወይም 6 ዶሮ ይበቃል።

ውሃን በተመለከተ «ዶሮ የትም ታገኛለች» ይባላል። በበጋ ከየት ታገኛለች? አንዲት ትልቅ ዶሮ በቀን የሊትር ሩብ ያህል ትጠጣለች፤ ዕንቁላሉም ራሱ ከግማሽ በላይ ውሃ ስለ ሆነ የተጠማች ዶሮ መጣል ታቆማለች። የተሰበረ እንስራ ገል በድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በየጧቱ በአመድ ታሽቶ ንጹሕ ውሃ ቢደረግበት በቂ ነው። ለጫጩት ግን ሰምጣ እንዳትሞት ጠጠር ይጨመርበት።

ለመታቀፍ የሚቀመጠው ዕንቁላል አውራ ካለበት ቤት የተገኘ፣ ከ10 ቀን ያልበለጠው ይሁን። አይታጠብ፤ ውሃ በላዩ ያለውን መከላከያ ልባስ ያነሣዋል። እናቶቻችን በጤፍ ውስጥ ቀብረው ማቆየታቸው መልካም ነው። ለአንዲት ዶሮ ከ10 እስከ 12 ይበቃታል፤ ከዚያ ቢበዛ የዳሩ ይቀዘቅዛል። ከጭዱ ሥር አመድ ይነስነስ፤ ቅንቅን የበዛባት ዶሮ ዕንቁላሏን ጥላ ትሄዳለችና። በ7ኛው ሌሊት በእጅ ባትሪ ሲታይ የደም ሥር የሌለበት ይውጣ። (እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ሁለት ሳምንት ይተርፍ ነበር።) ታቃፊዋ በቀን አንድ ጊዜ ስትነሣ ምግብና ውሃ ከአጠገቧ ታግኝ። የተፈለፈለ ጫጩት የአስኳሉ ትራፊ በሆዱ ስላለ በመጀመሪያው ቀን ባይበላ አያሳስብም።

እንድትታቀፍ ካልተፈለገ በእግሯ መስቀል፣ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ላባ በአፍንጫዋ መሰካት የተለመደ ነው። ጭካኔ ነው፤ አያስፈልግምም። ነፋስ ከሥሩ በሚገባበት ርብራብ ላይ ከምግብና ከውሃ ጋራ 3 ወይም 4 ቀን ብትዘጋ ሆዷ ይበርድና ትተወዋለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፈንግል ከገባ በሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ይሆናል። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። በቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚሠራው፣ ሙቀት የሚችለው ዓይነት በዓይን ጠብ ይደረጋል፤ በየ3 ወይም 4 ወሩም ይደገማል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን መሆኑና ከተበጠበጠ በዚያው ቀን ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። አንዲት እናት አምስት ዶሮ ይዛ ብትገዛው ይባክንባታል። ስለዚህ እናቴ ከስድስት ጎረቤቶቿ ጋራ ገንዘብ አዋጥታ ከወረዳው ባለሙያ ጋራ ቀን ቈረጠች። ዶሮዎቹ ጧት ከቆጥ ሳይወርዱ ተያዙ፤ እኔም እግራቸውን ያዥ ሆንሁ።