ከፍ ያለው የብስክሌት መሪ

ብስክሌትን የሚያዞረውን ብረት በአማርኛ «መሪ» ብሎ የሰየመው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ያ ብረት የጎማውን አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን የነጂውን ወገብና ዓይን ጭምር የሚገዛ መሆኑን አስቀድሞ የተረዳ ይመስላል። የእሽቅድምድም ብስክሌት መሪ እንደ አውራ በግ ቀንድ ወደ ፊት ወጥቶ ወደ ታች የተጠመዘዘ ስለ ሆነ የያዘውን ሰው እንደ ሰጋጅ ያጎነብሰዋል፤ ይህም ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ ብስክሌት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲገሠግሥ የነጂውን ጉልበት ከሁሉ ይልቅ የሚበላው ነፋስ ነውና፣ ደረቱን የሰወረ ደረቱን ለነፋስ ከሰጠው ይቀድማል።

ዛሬ ለአንባቢ የማስተዋውቀው መሪ ግን ጠባዩ የዚህ ተቃራኒ ነው። መካከሉ ዝቅ ብሎ ሁለቱ ክንዶቹ፣ በሰማይ እንደሚንሳፈፍ ንስር ክንፍ፣ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላሉ፤ ትውልዱም ከሞተር ብስክሌትና ከተራራ ብስክሌት ወገን ነው። በክብ የመወዳደሪያ ሜዳ ለመንዳት ወደ ተሠራው የክብ ሜዳ ብስክሌት የተሻገረው እንደ ኒው ዮርክና ሳን ፍራንሲስኮ ባሉ ከተሞች ሲሆን፣ በዚያ ደብዳቤና ጥቅል የሚያደርሱ መልእክተኞች ፍሬንም ማርሽም የሌለውን፣ ፔዳሉም ከኋላ ጎማው ጋር ያለ ዕረፍት የሚዞረውን ይህን ብስክሌት ወደ መኪና ጎዳና አወጡት። በ1948 እ.ኤ.አ. በጃፓን በኮኩራ ከተማ ለተጀመረው ኬይሪን ለተባለው የክብ ሜዳ ውድድር የተሠሩ ፍሬሞች ሳይቀሩ፣ ውድድሩን ከፈጸሙ በኋላ ወደ ባሕር ማዶ ከተሞች ተሻግረው ይህን መሪ ተሸከሙ። በክብ ሜዳ የሚወዳደር ሰው ከፊቱ ያለውን ጎማ ቢመለከት ይበቃዋል፤ በመኪኖች መካከል የሚሾልክ ሰው ግን በድንገት የሚከፈተውን በር አሻግሮ ማየት ስላለበት ቀና ማለቱ የቅንጦት ጉዳይ አልነበረም። የሚያስደንቀው፣ የተራራው መሪ ሰፊ የሆነው ጎማውን በቀላሉ ለመግዛት ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቹ መልእክተኞች በጠባብ ክፍተት ለመሾለክ ሲሉ ጫፎቹን በመጋዝ መቁረጣቸው ነው። ኋላም በአንድ ስፍራ ቆመው ጥበብ የሚያሳዩ ወጣቶች ወደዱት፤ ጠማማው የእሽቅድምድም መሪ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ጫፉ ከፍሬሙ አግዳሚ ብረት ጋር ይጋጫል፤ ከፍ ያለው ግን ከበላዩ ያልፋል።

ለክብ ሜዳ ብስክሌት ለውጡ ቀላል ነው፤ በመሪው ላይ የሚፈታም የሚታሰርም ገመድ የለምና። በአውራ ጎዳና ብስክሌት ላይ ግን አንዱን ሲነኩ ሌላው ይናጋል። የጠማማው መሪ እጀታ ውፍረት 23.8 ሚሊ ሜትር፣ የከፍ ያለው 22.2 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ነባሩ የፍሬንና የማርሽ መያዣ አይገጥምም። ከተራራ ብስክሌት የተወሰደ የፍሬን መያዣ ደግሞ ገመዱን አብዝቶ ስለሚስብ፣ የአውራ ጎዳናው ፍሬን በእጅ ሲጨበጥ ደረቅ፣ ሲያቆም ደካማ ይሆናል፤ ይህን ሳያጣሩ የሚገጥሙ ሰዎች መብዛታቸው ያስፈራኛል። ከዚህም በላይ የአውራ ጎዳና ፍሬም አግዳሚ ብረት አጭር የሆነው ጠማማው መሪ እጅን ብዙ ወደ ፊት ስለሚወስድ ነው፤ መሪው ሲለወጥ ያ ርቀት ይጠፋል፤ ነጂውም ተጨናንቆ እንዳይቀመጥ መሪውን የሚሸከመው አንገት በረዘመ ሊተካ ይገባል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፤ በከተማ ለሚነዳ የክብ ሜዳ ብስክሌት፣ የፊት ፍሬን ከተጨመረለት፣ ከፍ ያለው መሪ ይገባዋል፤ ረጅም አውራ ጎዳና ለሚቆርጥ ግን አይመከርም፤ ጠማማው መሪ ለእጅ የሚሰጠውን ልዩ ልዩ ማረፊያ ያስቀራልና። ሊገዙ የወሰኑም አስቀድመው የአንገቱን መቆንጠጫ ይለኩ፤ 25.4፣ 26 ወይም 31.8 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ አንዱም በሌላው ስፍራ እንዳለ አይገጥምም።