ተጨማሪ መረጃ፦ «ቃሊቲ» ማን ናት?
በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አካባቢ በሚነገረው አፋን ኦሮሞ፣ «አያና» (በዋቃ፣ ማለትም በፈጣሪ፣ እና በሰው መካከል ያለ መንፈስ) የሚያድርበት የነባሩ እምነት መሪ «ቃሉ» ሲባል፣ ሴቷ «ቃሊቲ» ትባላለች። «ናሚቻ» ሰውየው፣ «ኢንተሊቲ» ልጅቷ እንደሚባለው ሁሉ፣ «‑ኢቻ» ለወንድ፣ «‑ኢቲ» ለሴት የሚጨመር ምዕላድ በመሆኑ፣ ተባዕቱ «ቃሊቻ»፣ አንስታዩ «ቃሊቲ» ሆኖ ይወጣል። አማርኛ ተባዕቱን ወስዶ «ቃልቻ» ሲለው ግን፣ መራቂና አስታራቂ የነበረውን ሰው ከጠንቋይና ከመተተኛ (በሥራይ ሰውን ይጎዳል ከሚባለው) ጋር ደባለቀው፤ ይህም አንድን የተከበረ ማዕረግ ወደ ስድብነት ያወረደ ከባድ የትርጉም መዛባት ነው። «ቃሊቲ»ን «ሴት ጠንቋይ» ብሎ መተርጎምም ያንኑ ስሕተት መድገም ነው።