ጥንቸል የገደለችው፣ ሰው ያቃተው

ሙከራው ቀላል ነው። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ይደረጋል፤ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርበታል፤ በላዩ ላይ ትኩስ ሴረም ጠብ ይደረግበታል። በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሰዓት ያህል ይቆይና ስንት ባክቴሪያ በሕይወት እንደተረፈ ይቆጠራል።

ሴረሙ ከማን ደም ይቀዳ በሚለው ላይ ላቦራቶሪዎች ለረጅም ጊዜ ብዙም አልተጨነቁም። የጥንቸል ግልገል ሴረም በብዛት ይገኛል፣ ሥራውንም ይሠራል። በ1983 ግን (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዌንዴል ዞሊንገርና ሮበርት ማንድረል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች “ቢ” በሚባለው የባክቴሪያው ዓይነት ላይ የጥንቸልንና የሰውን ሴረም ጎን ለጎን ሞከሩ። ባክቴሪያው ያው፣ ከሰው የተገኘው ፀረ እንግዳ አካልም ያው። በጥንቸል ሴረም ውስጥ ባክቴሪያው አለቀ። በሰው ሴረም ውስጥ ንቅንቅ አላለም።

ይህ ባክቴሪያ የሚያጠቃው ሰውን ነው፤ ጥንቸልን ዞር ብሎም አያያትም። መልሱ እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን እስኪታይ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ።

በብልቃጡ ውስጥ ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ፓሪስ፣ ወደ 1895 መመለስ ያስፈልጋል። ዡል ቦርዴ የተባለ ወጣት ቤልጂየማዊ ሐኪም በፓስተር ኢንስቲትዩት የኮሌራ ተሕዋስያንን የሚገድል ሴረም ይዞ 55 ዲግሪ አሞቀው። ሴረሙ መግደል አቆመ። ከዚያ ካልተከተበ እንስሳ ጥቂት ትኩስ ሴረም ጨመረበት፤ ለብቻው ሲሆን አንድም ተሕዋስ የማይገድለውን ማለት ነው። ግድያው እንደገና ጀመረ። ስለዚህ ሁለት ነገር አለ፦ አንዱ ሙቀት የሚችል፣ ጠላትን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል፤ ሌላው ሙቀት የማይችል፣ በማንኛውም ደም ውስጥ ያለ ገዳይ። ይህን ሁለተኛውን ፖል ኤርሊኽ ኮምፕሊመንት አለው፤ አሟይ እንደማለት ነው። ቦርዴ የ1919ን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ኮምፕሊመንት ከ30 በላይ ፕሮቲኖች ያሉበት ማኅበር ነው። ከመካከላቸው ሲ3 የተባለው ሲነቃ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይለጠፋል፤ የራስ ነው የባዕድ ነው ብሎ አይመርጥም። አንዱ ሌላውን እየጠራ ይበዛል፤ መጨረሻ ላይ የደረሱት ፕሮቲኖች የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሱታል። እንዲህ ያለ ፈጣን ነገር በደማችን ውስጥ ቀን ከሌት እየዞረ እኛን የማይበሳን ለምንድን ነው? ፋክተር ኤች የተባለ ፕሮቲን ስላለ ነው። 20 ዶቃ እንደተሰካበት ክር ነው፤ የራሳችን ሴሎች ላይ ያሉትን ስኳሮች ያውቃቸዋል፤ እዚያ ሲደርስ ይይዝና ሲ3ን ያስቆመዋል። “የቤት ልጅ ነው፣ ተዉት” የሚል ሽማግሌ በሉት።

እንግዲህ ተሕዋሱ ይህን ሽማግሌ ወደ ራሱ ቢያስጠጋስ? በ1988 የቶንሲል ሕመም የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ይህንኑ እንደሚያደርግ ታየ፤ ገላው ላይ ባለው ኤም ፕሮቲን ፋክተር ኤችን ይይዛል። የማጅራት ገትሩ ባክቴሪያ ግን ገና አልተነቃበትም።

የእርሱ ነገር የተነቃው በሌላ መንገድ፣ ማንም ሽሽቱን ሳይፈልግ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ብዙ ሕይወት የቀጠፈው “ኤ” ዓይነቱ ነበር፤ ለእርሱ ከሽፋኑ ስኳር ክትባት ተሠርቶ በ2010 ከቡርኪና ፋሶ ጀምሮ ተሰጥቷል። የ“ቢ” ሽፋን ግን ከእኛው የነርቭ ሴሎች ስኳር ጋር ስለሚመሳሰል ለክትባት አይመችም። ስለዚህ በጣሊያን፣ በሲየና ከተማ፣ የሪኖ ራፑኦሊ ቡድን ባክቴሪያውን ትቶ የዘር ጽሑፉን አነበበ። በ2000 ይፋ ከሆነው ከዚህ ጽሑፍ 570 ጂኖችን መርጠው 350ውን ፕሮቲን አሠሩና አይጦችን ከተቡባቸው። ጥሩ ከሆኑት አንዱ ቁጥር 1870 ተባለ። በዚያው ሰሞን ዋየዝ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች በድሮው ዘዴ፣ ባክቴሪያውን እየከፋፈሉ፣ ያንኑ ፕሮቲን አገኙ። ክትባት እንደሚሆን ሁለቱም አውቀዋል፤ ባክቴሪያው ለምን እንደያዘው ግን ማንም አያውቅም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ሥራው ሳይታወቅ ለክትባት የታጨ ፕሮቲን።

በ2006 ጊየርሞ ማዲኮና ባልደረቦቹ መልሱን አመጡ። 1870 የሰውን ፋክተር ኤች ይይዛል። ፕሮቲኑ የተነቀለበት ባክቴሪያ በሰው ሴረም ውስጥ በቀላሉ የሚሞት ሆነ። በ2009 የእነ ዳን ግራኖፍና ሳንጄይ ራም ቡድን ወደ ድሮው እንቆቅልሽ ተመለሰ፦ ባክቴሪያው የሰውን ፋክተር ኤች እንጂ የጥንቸልን ወይም የአይጥን አይዝም። ጥንቸል ሴረም ውስጥ የሰው ፋክተር ኤች ሲጨምሩ ባክቴሪያው ከሞት ተረፈ። የ1983ቱ ጥንቸል በጉልበት አልበለጠችም፤ ሌባው የሚደበቅበት ሽማግሌ እርሷ ዘንድ ስለሌለ ነው። በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ የመጣ ሌላ ሥራ ደግሞ አያያዙን አሳየ፦ የባክቴሪያው ፕሮቲን፣ ስኳር ሳይሆን፣ የሴሎቻችንን ስኳር አስመስሎ ቀርቧል።

ክትባቶቹ ወጡ። ቤክስሴሮ በ2013 አውሮፓ ውስጥ፣ ትሩመንባ በ2014 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ፤ ሁለቱም ይህን ፕሮቲን ይዘዋል። ብሪታንያ ከ2015 ጀምሮ ቤክስሴሮን ለሕፃናት ትሰጣለች።

ግን አንድ ችግር ቀረ። ክትባቱ ሰው ክንድ ውስጥ ሲገባ ፕሮቲኑ ወዲያው የሰውን ፋክተር ኤች ይለብሳል፤ ፀረ እንግዳ አካል ሊያርፍበት የሚገባው ቦታ ይሸፈናል። ግራኖፍና ባልደረቦቹ ከ250 በላይ ከሆኑት የፕሮቲኑ አሚኖ አሲዶች አንዷን ብቻ ለወጡ፤ ፋክተር ኤች መያዝ ቀረ። በ2011 ባወጡት ሥራ፣ በተራ አይጦች ላይ አሮጌውና አዲሱ ፕሮቲን ያን ያህል ልዩነት አላሳዩም። የሰውን ፋክተር ኤች እንዲሠሩ በተደረጉ አይጦች ላይ ግን አዲሱ በልጦ ተገኘ። በዚህ ፕሮቲን የሚሠራን ክትባት ተራ አይጥ ላይ ብቻ ሞክሮ ማመን፣ የጥንቸሏን ስህተት መድገም ነው።