ያውቁ ኖሯል? የቪዲዮ ካሴት ስቴሪዮ ድምፅ ከምስሉ ሥር ነው የተቀበረው

ሲኒማ ራስ አካባቢ አሮጌ ዴክ ካጋጠመዎ ፊቱ ላይ «ሃይ-ፋይ» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ተራው የቪኤችኤስ ዴክ ድምፅ የሚያነበው ክሩ ጠርዝ ላይ ካለች ቀጭን መስመር ነው። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በፓል፣ ክሩ በሴኮንድ የሚጓዘው 2.34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የሙዚቃ ካሴት እንኳ 4.76 ይሄዳል። ዘፈኑ በቪዲዮ ሲሰማ የታፈነ የሚመስለው አንድም ለዚህ ነው።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣው ሃይ-ፋይ ግን ብልሃት ነበረው። በሴኮንድ 25 ጊዜ በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ፣ ከምስሉ ሄዶች ሌላ፣ የድምፅ ሄዶች ተተከሉ። እነሱ የግራና የቀኙን ድምፅ በኤፍ ኤም ክሩ ውስጥ ጠለቅ አድርገው ይጽፋሉ፤ ምስሉ ተከትሎ ከላይ ይጻፋል። ከሥር ያለው ድምፅ ቢዳከምም አይጠፋም። የሄዶቹ ዝንባሌም ስለሚለያይ ሲነበቡ አይደባለቁም።

የጠርዟ መስመርም አልቀረችም። ክሩ ሲያረጅ ወይም ሲጨማደድ ዴኩ ወደ እሷ ይመለሳል፤ ድምፁ በድንገት የሚደበዝዘው ያኔ ነው። በሃይ-ፋይ የተቀረጸ የሠርግ ካሴት ካለዎት፣ ወደ ዲጂታል ከማስገልበጥዎ በፊት የሚገለብጡልዎ ሰዎች ዴክ ሃይ-ፋይ መሆኑን ይጠይቁ።