ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከራይ ቤት ለሚገዛ ነጋዴ

ከሱቅ የተረፈ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤት መግዣ ያዘነብላል። ቤት እንደ ሸቀጥ አይበሰብስም፤ እንደ ዱቤ አይካድም፤ ለልጅም ይተላለፋል ተብሎ ይታመናል። እምነቱ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ቤት በችኮላ ተሸጦ ወደ ጥሬ ገንዘብ የማይመለስ ዕቃ ስለሆነ፤ ከማንኛውም ሸቀጥ ይልቅ ጥንቃቄና ሒሳብ ይሻል።

ቤት ሠርቶ ማከራየት በአዲስ አበባ የቆየ ንግድ ነው። ነገር ግን በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ የተባለውም ቤት ተወረሰ። በዚያን ጊዜ ሀብታቸውን በሙሉ በቤት ላይ ያዋሉ ሰዎች ገቢያቸውን በአንድ ቀን አጡ። ዛሬ ቤት ገዝቶ ማከራየት የተፈቀደ ነው፤ መሬት ግን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፤ አይለወጥም። ስለሆነም ገዢ የሚያገኘው ቤቱንና በቦታው የመጠቀምን መብት ነው። ቦታው በሊዝ የተያዘ እንደሆነም ያልተከፈለ ዕዳ መኖሩን አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።

ሒሳቡ እንዴት እንደሚታይ በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ነጋዴ በ6,000,000 ብር የገዛውን ቤት በወር 30,000 ብር ቢያከራይ፤ በዓመት 360,000 ብር፤ ይኸውም ከመቶ 6 ያገኛል። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ፤ ለዕድሳት፤ ለጥበቃና ለግብርም 90,000 ብር ቢወጣ፤ በእጁ የሚቀረው 240,000 ብር፤ ማለትም ከመቶ 4 ብቻ ነው። ከዋጋው እኩሌታውን ከባንክ ከመቶ 15 ወለድ ተበድሮ እንደሆነ ደግሞ፤ የወለዱ ዕዳ በመጀመሪያው ዓመት 450,000 ብር ይሆናል። የጐደለውን 210,000 ብርና የዋናውን ዕዳ ክፍያ ሱቁ ይሸከማል ማለት ነው። የቤቱ ዋጋ ወደፊት ያድግ ይሆናል፤ ነገር ግን ያልተሸጠ ቤት የዋጋ ዕድገት የአስመጪን የዕቃ ሒሳብ አይከፍልም። ስለዚህ ለንግዱ መንቀሳቀሻ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለይቶ ያላስቀመጠ ሰው ገና ለመግዛት አልተዘጋጀም።

ከሒሳቡ ቀጥሎ የሚመጣው ሰነድ ነው። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የይዞታ ማረጋገጫው ካርታ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር፤ ቤቱ ለባንክ መያዣ መሆን አለመሆኑ፤ የፍርድ ቤት እግድ ያለበት መሆን አለመሆኑም ይጣራ። ሻጩ ባለትዳር ሲሆንና ቤቱ የጋራ ሀብት ሲሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። የሚሸጠው ወኪል እንደሆነ ውክልናው ለመሸጥ የሚያበቃና ያልተሻረ መሆኑ ይታይ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሚገባው ባለሥልጣን ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። በመንደር ሽማግሌ ፊት ብቻ በተፈረመ ወረቀት መተማመን ስንት ገዢዎችን ገንዘባቸውንም ቤቱንም አሳጥቷል። ደላላ ገበያን ያቀርባል እንጂ ለሰነዱ እውነተኛነት ዋስ አይሆንም።

ቤቱ ከተገዛ በኋላም አከራይ ሌላ ግዴታ ይጠብቀዋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም፤ የኪራይ ጭማሪውም ባለሥልጣኑ በሚያስታውቀው መጠን ይወሰናል። እንግዲህ የመኖሪያ ቤት ገዢ ኪራዩን እንደ ልቡ እየጨመርኩ ዕዳዬን እከፍላለሁ ብሎ ማቀድ አይችልም። ተከራይ ሲመርጥም ከፍተኛ ዋጋ ከሚሰጠው ይልቅ በጊዜው የሚከፍለውን ቢመርጥ ይጠቀማል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፤ በዚህ ጉዳይ የጥቂት ሳምንት ምርመራ የብዙ ዓመት ክርክር ያስቀራል። በትርፍ ገንዘብ የተገዛና ሰነዱ የጠራ አንድ መጠነኛ ቤት፤ በዕዳ ከተያዘ ትልቅ ፎቅ ይልቅ ነጋዴውን ያኰራዋል፤ ሱቁም ሳይዘጋ ይቆያል።